ለተቃጠለ ቆዳ መተኪያ የሚሆን የፕሮቲን ሰፍነግ

ቆዳ የሰውነት መሸፈኛ ብቻ አይደለም። በሰውነት ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዳይባክን ይጠብቃል፤ ጎጂ ተሕዋስያንም እንዳይገቡ ይከላከላል። ስለዚህ ብዙው የገላ ክፍል በእሳት በተቃጠለ ጊዜ የሰውየው ሕይወት በፈሳሽ መባከንና በቁስል መመረዝ ምክንያት ለአደጋ ይጋለጣል። የተለመደው ሕክምና ከበሽተኛው ጤናማ ገላ ላይ ስስ ቆዳ ገፎ በቁስሉ ላይ መለጠፍ ነው። ዳሩ ግን ገላው በአብዛኛው የተቃጠለ ሰው የሚገፈፍ ቆዳ ከወዴት ያገኛል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዮአኒስ ያናስና የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጆን በርክ በጋራ ተመራምረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ አደረጉ። የሠሩት መተኪያ ሁለት ድርብ አለው። የታችኛው ከበሬ ጅማት በሚገኝ ኮላጅን በተባለ ፕሮቲንና ከሻርክ ለስላሳ አጥንት በሚወጣ ንጥረ ነገር የተሠራ ሰፍነግ ነው። የላይኛው ስስ የሲሊኮን ሽፋን ሲሆን ለጊዜው የውጭውን ቆዳ ተግባር ያከናውናል።

የሰፍነጉ አሠራር እንደሚከተለው ነው። በአሲድ የተበጠበጠው ኮላጅን እንዲቀዘቅዝ ሲደረግ በውስጡ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ከዚያም አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ተንነት ይለወጣል። መምህራን ይህን ሲያስረዱ የእንጀራን ዓይን በምሳሌነት ሊጠቅሱ ይችላሉ፤ ነገር ግን የእንጀራው ዓይን በቡኮው ውስጥ ከሚፈጠር ጋዝ፣ የሰፍነጉ ቀዳዳ ደግሞ በረዶው ለቆት ከሄደው ባዶ ስፍራ የሚገኝ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል።

የቀዳዳዎቹ ስፋት ከ20 እስከ 125 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። እጅግ ቢጠቡ ሕዋሳት ዘልቀው አይገቡም፤ እጅግ ቢሰፉ ደግሞ ሕዋሳቱ የሚጣበቁበት ገጽ ያንሳል። ከዚህም ሌላ ጥሬ ኮላጅን በቁስል ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ፣ ቆዳ ፋቂ ቆዳውን እንዳይበሰብስ እንደሚያለፋው ሁሉ፣ የኮላጅኑ ክሮች በኬሚካል እርስ በርስ እንዲተሳሰሩ ይደረጋል። ይህም በልክ መሆን አለበት፤ ሰፍነጉ አዲሱ ሥጋ እስኪተካው ድረስ ብቻ እንዲቆይ ይፈለጋልና።

ሐኪሙ የተቃጠለውን ሥጋ ቆርጦ ካስወገደ በኋላ ሰፍነጉን ያለብሰዋል። በ2 ወይም በ3 ሳምንታት ውስጥ የበሽተኛው ሕዋሳትና የደም ሥሮች ወደ ቀዳዳዎቹ ገብተው አዲስ የውስጥ ቆዳ ይሠራሉ። ከዚያም ሲሊኮኑ ተልጦ እጅግ ስስ የሆነ የበሽተኛው ቆዳ ይለጠፍበታል። ስስ በመሆኑም የተገፈፈበት ቦታ ቶሎ ይድናል። ይሁን እንጂ አዲሱ ቆዳ ፀጉርም ሆነ የላብ ዕጢ አይኖረውም።

ይህ መተኪያ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ተፈቅዶ ኢንተግራ በሚል ስም ለሕክምና ውሏል። የዕቅድ ባለሙያዎች ሊያጤኑት የሚገባው ግን፣ በሰፍነጉ ሥር ቁስሉ ከተመረዘ ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከመግዛት አስቀድሞ ንጹሕ ክፍልና የሠለጠነ ባለሙያ ማዘጋጀት ይገባል። መምህራንም ትምህርቱን ሲደመድሙ፣ የተቃጠለን ገላ ወዲያውኑ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ ማንኛውም ተማሪ ሊፈጽመው የሚችል የመጀመሪያ እርዳታ መሆኑን ቢያስገነዝቡ መልካም ነው።