ቦግ ያለችው

ሺንሺቾ ገበያ መሃል ቆሞ «ቦጌ!» ብሎ ለሚጣራ ሰው ከአንድ በላይ ሴት ዞር ብትል አይገርመኝም። ቦጌ የቦጋለች ማቆላመጫ ነው። አገሩ ከምባታ ይሁን እንጂ ስሙ ከምባትኛ አይደለም፤ ጥርት ያለ አማርኛ ነው።

ሲፈቱት «ቦግ አለች» ይሆናል። እርጥብ ማገዶ ሲጨስ ሲጨስ ቆይቶ እፍ ሲሉት ድንገት የሚነሣው ነበልባል፣ ቦግ ማለት ያ ነው። ሁለቱ ቃላት በአፍ ሲፈጥኑ ተጣበቁና ስም ሆኑ፤ «ደስ አለኝ» ደሳለኝ እንደሆነው ሁሉ። ጥሩነሽ ብሎ ስም ያወጣ ልጅቱን አመሰገነ። ቦጋለች ያለ ግን የሆነውን ተናገረ፦ መጣች፣ ቤቱ በራ። መብራት ሲቆራረጥ «ቦግ እልም» እንላለን አይደል? ስም አውጪዎቹ ቦግን ወስደው እልምን ለአምፖሉ ተዉለት።

አማርኛ ስም ከምባታ በብዛት የዘለቀው ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ በቤተ ክርስቲያን፣ በመንግሥት ቢሮና በትምህርት ቤት በኩል ነው። ስም ከእሳት ማዛመድ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። አይርላንዶች ብሪጊድ የሚሉት የሴት ስም አላቸው፤ ፍቺው «ከፍ ያለች» ነው፣ የከፍያለው እህት በሉት። ከእሳት ያዛመደው ግን ትረካው ነው፤ በኪልዴር ገዳም ለቅድስት ብሪጊድ የማይጠፋ እሳት ይጠበቅላት እንደነበር ይተረካል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አገሩ በስሟ ሥራ ዘግቶ ያከብራል።

የእኛን ስም ዓለም የሰማው በቦጋለች ገብሬ ነው። ከምባታ ተወልደው፣ «ውሃ ልቀዳ» እያሉ ከቤት በመውጣት በድብቅ ፊደል ቆጠሩ፤ ኋላም ኢየሩሳሌምና አሜሪካ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር በምህጻረ ቃሉ ኬኤምጂ የሚባለውን ድርጅት አቋቁመው የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ተጋፈጡ። ሕዝቡ በመጀመሪያ የጠየቃቸው ግን ድልድይ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩን አሠሩ፤ የግርዛቱ ጨዋታ ከዚያ በኋላ ተሰማላቸው። ብልሃት ማለት ይህ ነው። ራሳቸው በአማርኛ ስም ሲጠሩ ለድርጅታቸው የሰጡት ሙሉ ስም ከምባትኛ ነው፤ የከምባታ ሴቶች ጉልበታቸውን አንድ አድርገው መሥራታቸውን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፉ።

እርስዎም ቦጌ የምትባል ሴት ሲያገኙ፣ ስሟን ማን እንዳወጣላትና የዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ ምን ቦግ እንዳለ ይጠይቋት።