ከሰማይ የሚላከው የመሬት መረጃ አንድም ሳይጎድል እንዴት ይታመቃል?

የማኅበሩን እህል የሚረከብ የገበሬ ማኅበር መሪ የእያንዳንዱን ጆንያ ክብደት በመዝገብ ያሰፍራል። የመጀመሪያው 100 ኪሎ፣ ሁለተኛው 101፣ ሦስተኛው 99 ቢመዝን «100፤ 1 ትርፍ፤ 2 ጉድለት» ብሎ በአጭሩ መጻፍ ይቻላል። መዝገቡ ቢያጥርም አንድም ኪሎ አልጠፋም። ተቆጣጣሪው ደምሮና ቀንሶ የእያንዳንዱን ጆንያ ትክክለኛ ክብደት መልሶ ያገኛል። መሬትን ከሰማይ የሚቃኙ ሳተላይቶችም ብዙ መረጃ በጥቂት ቦታ ለመያዝ ይህንኑ የመሰለ ዘዴ ይጠቀማሉ።

ተራ የፎቶግራፍ መሣሪያ ብርሃንን የሚመዘግበው በ3 ቀለሞች ነው። ሃይፐርስፔክትራል የሚባለው መሣሪያ ግን በዓይን የማይታየውን ጨረር ጭምር ከ200 በላይ በሆኑ ቀጫጭን ክፍሎች ከፋፍሎ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ኅዋ የተላከው የጀርመን ሳተላይት ኤንማፕ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ይዟል። የምስሉ አንድ ነጥብ የሚሸፍነው 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ መሬት ስለሆነ በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ 11 ያህል ነጥቦች ያርፋሉ። 30 ኪሎ ሜትር በ30 ኪሎ ሜትር ለሆነ አካባቢ ደግሞ 1 ሚሊዮን ነጥቦች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ከ200 በላይ ልኬቶች ስላሉት ጠቅላላው ከ200 ሚሊዮን ቁጥሮች በላይ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሳተላይቱ ከአንድ የምድር ጣቢያ ጋር በአንድ ጊዜ የሚገናኘው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በመሆኑም መረጃውን አምቆ መላክ ግድ ይሆናል።

ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦችና ተከታታይ የብርሃን ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ መሣሪያው የሚቀጥለውን ቁጥር ከቀደሙት ተነሥቶ ይገምትና ግምቱ ከእውነተኛው ልኬት የተለየበትን መጠን ብቻ ይመዘግባል። ትንሹ ልዩነት በአጭር ምልክት ስለሚጻፍ መረጃው በእጅጉ ያንሳል። የኅዋ መረጃ ሥርዓቶች አማካሪ ኮሚቴ የተባለው ዓለም አቀፍ አካል በዚህ ዘዴ ላይ የተመሠረተ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ደንብ ደግሞ መጠኑ አስቀድሞ የተወሰነ ጥቂት ጉድለት እንዲፈቀድ አማራጭ ሰጥቷል።

ሽርፍራፊውን መጣል መረጃውን ይበልጥ ያሳንሰዋል፤ ምስሉም ለዓይን ያው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሰብል ውሃ ማጣት፣ የናይትሮጅን እጥረትና የአፈሩ የሸክላ ዓይነት የሚለዩት በጥቃቅን የብርሃን ልዩነቶች ነው። እነዚህ ያለ ጥንቃቄ ከተጣሉ የተጎዳው ማሳ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። በኋላም መልሶ ማግኛ የለም።

ሳይጎድል የማመቅ ዘዴም የራሱ ችግር አለው። እያንዳንዱ ቁጥር በቀደመው ላይ ስለሚመሠረት በጉዞ ላይ አንዱ ቢበላሽ የሚከተሉትም ይበላሻሉ። መፍትሔውን መዝገብ ያዥ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየአዲሱ ገጽ መጀመሪያ ሙሉውን ክብደት መጻፍ ነው። በሳተላይቱም መረጃው በየክፍሉ ተለያይቶ ስለሚታመቅ ጉዳቱ ከአንዱ ክፍል አያልፍም።

ስለዚህ ባለሙያ ከሳተላይት ምስል የተዘጋጀ የአፈር ወይም የሰብል ካርታ ይዞ ወደ ቀበሌው ሲመጣ የማኅበር መሪዎች ሁለት ነገር ሊጠይቁት ይገባል። መረጃው ሙሉ ነው ወይስ የተቀነሰለት ነገር አለ? ካርታውስ ማሳው ላይ ተወርዶ ተመሳክሯል?