ዳኞች ውል ሲያነቡ፦ የቡሬ ኬላ ትምህርት ለሳሪስ ነጋዴ

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው ቀኑን ሙሉ ተሳቢ መኪና ሲያልፍ ያያል። የወደብ ጭነቱ በአብዛኛው የጅቡቲ ነው። እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ ግን በዚሁ መንገድ የሚወርድ ሾፌር መዳረሻው አሰብ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፤ ገበያውም ፊቱን አዞረ።

በአሰብ መንገድ ላይ ቡሬ የምትባል ኬላ አለች፤ የጎጃሟ ሳትሆን የአፋሯ። ይህች ኬላ ዓለም አቀፍ ዳኞች የመንግሥታትን ውል እንዴት እንደሚያነቡ ጥሩ ማሳያ ናት። ንባባቸው ደግሞ በየቀኑ ውል ለሚፈራረመው ነጋዴ፣ ደላላና ባለሀብት ሩቅ ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ሲስማሙ፣ ወሰናቸውን አምስት አባላት ላሉት ኮሚሽን ሰጡ። ኮሚሽኑ እንዲያነብ የተሰጡት ሦስት አሮጌ ውሎች ናቸው፤ በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር (በ1894ቱ እንግሊዝም አለችበት) የተፈራረሟቸው። «ለሁለቱም ይበጃል» ብሎ እንደ ሽማግሌ አስታርቆ መወሰን ግን ለኮሚሽኑ አልተፈቀደም። ሥራው ማስታረቅ ሳይሆን ማንበብ ነበር።

የአነባበቡ ሕግ በ1961 ዓ.ም. በቪየና በተፈረመው የውሎች ስምምነት ሰፍሯል። ውል በቅን ልቦና ይነበባል፤ ቃሉ የተለመደ ትርጉሙ ይሰጠዋል፤ ቃሉም ለብቻው ተነጥሎ ሳይሆን ከቀረው የውሉ ክፍልና ከዓላማው ጋር ይታያል። ተዋዋዮቹ ከፊርማው በኋላ በጋራ የሠሩበት አኳኋንም ከግምት ይገባል።

ይህን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። ሁለት ሰዎች አንድ የመጋዘን ግቢ ተካፈሉ እንበል። ውሉ «ከአስፋልቱ 60 ሜትር ገባ ብሎ» ይላል። አስፋልቱ ግን ይጠማዘዛል። ልኬቱ ከጠርዙ ይጀመር ወይስ ከቦዩ? ሁለቱ ሰዎች ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ ሳይጨቃጨቁ አጥራቸውን ሌላ ቦታ አቁመው ኖረው ቢሆንስ?

የ1900 ዓ.ም. ውል የገጠመው ይኸው ነው። ወሰኑ ከባሕር ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ከጠረፉ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል ይላል። ጠረፍ ማለት የቱ ነው? ኮሚሽኑ የየብሱ ዳር እንጂ የደሴቶች ዳር አይደለም ብሎ መስመሩን አሰመረ። ቡሬ ላይ ሲደርስ ግን የሁለቱን መንግሥታት ተግባር ተመለከተ። ሁለቱም እዚያ ኬላ አቁመዋል። ስለዚህ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ቡሬ ላይ ወሰኑ በሁለቱ ኬላዎች መካከል እኩል ርቀት ላይ እንዲያልፍ አደረገ። የጽሑፉን ልኬት የኬላ ሥራ አሸነፈው።

ተግባር ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። ዛላምበሳ በተግባር ማስረጃ ለኢትዮጵያ ስትሆን፣ ባድመ አካባቢ ኢትዮጵያ ያቀረበችው የአስተዳደር ማስረጃ የ1894ቱን ውል መስመር ለማዛወር አልበቃም ተባለ። ጾሮናና ፎርት ካዶርና ደግሞ ሌላ ትምህርት አላቸው። ኢትዮጵያ ራሷ በክርክር ጽሑፏ የኤርትራ መሆናቸውን የሚያምን ቃል አስፍራ ነበርና፣ ያው ቃሏ ተጠቀሰባት። በክርክር ወረቀት ላይ የምትጽፈው ቃል ለባላጋራህ ማስረጃ ይሆናል።

የካሣው ጉዳይ ለነጋዴው ይበልጥ ይቀርባል። ያው የአልጀርስ ስምምነት ሌላ የካሣ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። የማመልከቻው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ሲሆን፣ እስከ ታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. ያልቀረበ ጥያቄ ጠፍቶ ይቀራል ተባለ። ክሱ «ከግጭቱ ጋር የተያያዘ» መሆን ነበረበት። ግጭቱ መቼ ጀምሮ መቼ አለቀ? ኮሚሽኑ ከግንቦት 1990 እስከ ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ መነሻ አደረገ። የአንድ ሐረግ ትርጉም የብዙ ክስ ዕድል ወሰነ። ኢትዮጵያ በአሰብና በምጽዋ ወደቦች ስለቀረው ንብረት ያቀረበችው ክስም በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የመጨረሻው ሂሳብ ሲዘጋ ለኢትዮጵያ 174,036,520 ዶላር፣ ለኤርትራ 161,455,000 ዶላር፣ ለግለሰብ ጠያቂዎች ደግሞ 2,065,865 ዶላር ተወሰነ። ሁለቱ ሲቻቻሉ የቀረው ልዩነት ከጦርነቱ ወጪ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በሁለት ቋንቋ ለሚፈርም ባለሀብትም የቆየ ማስጠንቀቂያ አለ። የ1881ዱ የውጫሌ ውል አማርኛውና ጣሊያንኛው እኩል እንደሚጸኑ ራሱ ይናገር ነበር። 17ኛው አንቀጽ ግን በአማርኛው «ይቻላል»፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። በጊዜው የሚያነበው ዳኛ አልነበረምና ንባቡ ዓድዋ ላይ በጥይት ተፈታ። ዛሬ የቪየናው ሕግ ሁለቱ ጽሑፎች የሚታረቁበትን ትርጉም ፈልጉ ይላል። ፈላጊው ግን ዳኛ ነው፤ ፍለጋው ደግሞ ጊዜና የጠበቃ ገንዘብ ይበላል። የትኛው ቋንቋ እንደሚገዛ በአንድ መስመር መጻፍ ይረክሳል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ዳኛው ጽሑፉን ያነባል፤ ቀጥሎ ከፈረምህ በኋላ ምን እንደሠራህና ምን እንደተናገርህ ይጠይቃል። በልብህ አስበኸው የነበረውን ግን አይጠይቅህም። ስለዚህ የሳሪስ ነጋዴ ሆይ፣ ከውሉ ጋር ደረሰኙን፣ ደብዳቤውንና የርክክብ ወረቀቱንም በአንድ ፋይል አስቀምጥ።