የነሐሴ ቲማቲም በምች አይሞትም

ነሐሴ ላይ በአዲስ አበባ፣ በሲ.ኤም.ሲ ግቢዎች የቲማቲም ቅጠል ሲጠቁር፣ ፍርዱ ከአጥር አጥር ለመሻገር ጊዜ አይፈጅበትም፦ ምች መታው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብቅ ስትል ተክሉ ጠወለገ፣ ስለዚህ ፀሐይ ገደለችው። ምክሩም ይከተላል፤ በላስቲክ ጠቅልለው፣ አመድ ነስንስበት፣ ሳሙና በጥብጠህ እርጨው። ይህ ወሬ በየክረምቱ ይታደሳል፣ በየክረምቱም ሊተርፍ ይችል የነበረ ቲማቲምና ድንች ያስፈጃል። ሰውን ይመታል ስለሚባለው ምችም ሆነ ስለ ዳማ ከሴ እዚህ ክርክር አይነሣም። ስለ ቲማቲሙ ግን ክርክሩ ከተዘጋ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ገዳዩ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ለጨረሰው ረሃብ መነሻ የሆነው ይኸው ነው። ያኔም ብዙዎች ጥፋቱን ያሳበቡት በአየሩ ላይ ነበር። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1861 ጥፋተኛው ይህ ረቂቅ ፍጡር መሆኑን አሳየ። ብዙ ጊዜ «ፈንገስ» ይባላል፤ ለዕለት ንግግር ይሁን። በዘር ሐረጉ ግን ከእንጉዳይ ይልቅ ለባሕር ቡናማ አልጌ ይቀርባል። ይህ የሊቃውንት ቅንጦት አይደለም፤ ለእውነተኛ ፈንገስ የተሠሩ አንዳንድ መድኃኒቶች እሱን የማይነኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የክረምቱ መሠረታዊ ነገር ይታወቃል። አዲስ አበባ የዓመቱን ዝናብ ግማሽ ያህል የምታገኘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሜዳማው የከተማዋ ምሥራቅ ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ውኃውን ይዞ አይለቅም፣ ሥሩም አየር ያጣል፤ መፍትሔው መደቡን ከፍ አድርጎ ቦይ መቅደድ ነው። ትኩረት የሚሻው ቅጠሉ ላይ የሚሆነው ነው።

በታመመ ቅጠል ጀርባ ላይ፣ ማለዳ እርጥበቱ ሳይደርቅ፣ ነጭ ሻጋታ መሳይ ነገር ይታያል። የሎሚ ቅርጽ ያላቸው፣ በዓይን የማይለዩ እልፍ ከረጢቶች ተሸክሟል። ነፋስና የዝናብ ፍንጣቂ ወደ ሌላ ቅጠል ይወስዷቸዋል፤ ቀኑ ደመናማና እርጥብ ከሆነ ኪሎ ሜትሮችን ሊያቋርጡ ይችላሉ። እርጥብ ቅጠል ላይ ያረፈው ከረጢት ዕጣ የሚወሰነው በሙቀቱ ነው። ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ሲል ከረጢቱ ራሱ እንዳለ ይበቅላል፤ ከአንድ ከረጢት የሚገኘውም ቢበዛ አንድ ቁስል ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን ከረጢቱ ይከፈትና ስምንት ገደማ ዋናተኛ ህዋሳትን ይለቃል። እያንዳንዳቸው ሁለት ጅራት አላቸው። በቅጠሉ ላይ ባለው ስስ ውኃ ይዋኛሉ፣ ቦታ ሲያገኙ ጅራታቸውን ጥለው ይጣበቃሉ፣ ክር አውጥተውም የቅጠሉን ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ። ለዚህ ሁሉ ጥቂት ሰዓት እርጥብ ሆኖ የቆየ ቅጠል ይበቃቸዋል።

የአዲስ አበባን የነሐሴ ሌሊት ከዚህ ጋር ማስተያየት ነው። ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፣ ቀኑ ከ20 እምብዛም አያልፍም፣ ቅጠሉ ከማታ እስከ ረፋድ እንደራሰ ይቆያል። የእንጦጦ ጭጋግ ወደ የካ ሲወርድ ደግሞ እርጥበቱ ይረዝማል። ለዋናተኞቹ ከዚህ የተሻለ አየር ማዘዝ አይቻልም።

የምች ወሬ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ፍጡሩ ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ ለጥቂት ቀናት ምንም ምልክት አያሳይም፤ ህዋሳቱን ከውስጥ እየበላ ይሰነብታል። ደመናው እስካለ ድረስ የተጎዳው ቅጠል ውኃ ጠጥቶ አረንጓዴ መስሎ ሊቆይ ይችላል። ፀሐይ ስትወጣ የሞተው ክፍል ይደርቃል፣ ይጠቁራል፣ ይኮማተራል። ሰው የሚያየው ያንን ቀን ነው። ፀሐይን መክሰስ ለቅሶ የደረሰን ሰው ገዳይ ማለት ነው። እንዲያውም ፀሐይ ለተክሉ ወገን ናት፤ ቅጠሉን ታደርቃለች፣ በአየር ላይ ያሉትን ከረጢቶችም በሰዓታት ውስጥ ትገድላለች።

ስለዚህ ቲማቲሙን ከፀሐይ ለመከለል በላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን አፍኖ በሽታውን መቀለብ ነው። ከላይ ብቻ የተዘረጋ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ የላስቲክ ጣሪያ ግን ዝናቡን ከቅጠሉ ስለሚያርቅ በእጅጉ ይረዳል። ተክሉን በእንጨት ደግፎ ማሰር፣ መሬት የሚነኩትን ቅጠሎች መቁረጥ፣ ውኃን በማለዳ ሥሩ ላይ ብቻ ማጠጣት፣ ቲማቲምን ከድንች አጠገብ አለመትከል፣ ሁሉም ለአንድ ዓላማ ናቸው፦ ቅጠሉ ቶሎ ይድረቅ፣ ከረጢቱም ቅርብ ጎረቤት ይጣ።

ስለ መድኃኒቱ ባለሙያዎችም አይስማሙም። ማንኮዜብ በሽታው ከመግባቱ በፊት ቅጠሉን ይሸፍናል እንጂ የገባውን አያወጣም። ሜታላክሲል ወደ ተክሉ ውስጥ ዘልቆ ይሠራል፤ ሆኖም በብዙ አገሮች የለመደው ዝርያ ተነሥቷል። መዳብ ያለበት መድኃኒት በአፈር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ለትንሽ ጓሮ ያዋጣል ወይ የሚለው ያከራክራል። የታመመ ቅጠል ኮምፖስት ውስጥ ይግባ አይግባ በሚለውም አንድ መልስ የለም፦ ፍጡሩ በአብዛኛው ሕያው ተክል ይፈልጋል፣ በደንብ በሞቀ ክምር ውስጥም ይሞታል፤ ነገር ግን የግቢ ክምር ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይሞቅም። እስከዚያው መቅበሩ ይሻላል።

በጋ ሌላ ጠላት ያመጣል፣ እሱም «ምች» ይባላል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ ከእንጦጦ ተዳፋት የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም ዝቅ ባለው ግቢ ይተኛል፤ ያ ውርጭ ነው። መለየቱ ከባድ አይደለም። ውርጭ በአንድ ሌሊት ይመታል፣ ገላጣውን የላይኛውን ቅጠል ያስቀድማል፣ ከጀርባም ነጭ ነገር አይተውም። ማታ አልብሶ ጠዋት መግለጥ ይበቃል። 

መንግሥት በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርን ከጀመረ ወዲህ በከተማዋ ጓሮ የሚያለማው ሰው ብዙ ሆኗል፤ ለእነዚህ ሰዎች የቀን መቁጠሪያው ከማንኛውም ርጭት ይበልጣል። የቲማቲም ችግኝን በመስከረም መጨረሻ ወደ መደብ አዛውሮ በበጋ ውኃ እያጠጡ ማሳደግ ዋናተኞቹን ውኃ ያሳጣቸዋል። በክረምት ድንች መትከል የሚፈልግ ሰው ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡትን ጉደኔን (እ.ኤ.አ. 2006) ወይም በለጠን (እ.ኤ.አ. 2009) ይፈልግ፤ በሽታውን እንዲቋቋሙ ተመርጠው የወጡ ናቸው። ፍጡሩ ስለሚለዋወጥ ግን መቋቋም ለዘለዓለም የሚሰጥ ዋስትና አይደለም።

አገራችን ተክሉን በብርድ የሚጨርስ የአውሮፓ ዓይነት ክረምት ስለሌላት በሽታው ዓመቱን ሙሉ መጠጊያ አያጣም። በመስኖ የበቀለ ቲማቲም፣ ሳይለቀም ቀርቶ በራሱ የበቀለ ድንች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለዘር የተቀመጠ የታመመ ድንች ከበጋ ወደ ክረምት ያሻግሩታል። ለዘር ድንች የሚገዛ ሰው ሁለት ሦስቱን ገምሶ ይይ፤ ከልጣጩ ሥር ቀላ ያለ ቡናማ፣ ደረቅ ብስባሽ ካለ ሻጩ ጋ ይተወው።