ሁለት ጓደኛሞች፣ አንድ ወንጀል

ጁን 22 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. በኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ አጠገብ በሚገኘው ቪክቶሪያ ፓርክ ውስጥ የ16 ዓመቷ ፖሊን ፓርከርና የ15 ዓመቷ ጓደኛዋ ጁልየት ሂዩም የፖሊንን እናት ገደሉ። መሣሪያቸው ካልሲ ውስጥ የተከተተ ግማሽ ጡብ ነበር። ሮጠው ሰው ጠሩና እናትየዋ ወድቃ ነው አሉ። ፖሊሶች ግን የፖሊንን የዕለት ማስታወሻ አገኙ፤ ዕቅዱ አስቀድሞ ተጽፎበታል።

ልጃገረዶቹ የተዋወቁት በትምህርት ቤት ነው። ፖሊን በልጅነቷ የአጥንት ሕመም፣ ጁልየት ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ስላሠቃያቸው ከእኩዮቻቸው ተለይተው የቆዩ ነበሩ። ነገሥታትና ጀግኖች የሞሉበት የራሳቸውን ምናባዊ ዓለም ፈጥረው ይጽፉ፣ ይተውኑ ነበር። የጁልየት ወላጆች ሲለያዩ እሷን ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመላክ ታሰበ። ፖሊንም አብራ ልትሄድ ፈለገች፤ እናቷ እንደማትፈቅድላትም አመነች።

ተከላካይ ጠበቆች የአእምሮ ሕመም ነው ብለው ቢከራከሩም ጁሪው አልተቀበለውም። ለሞት ቅጣት ዕድሜያቸው ስላልደረሰ በተለያየ እስር ቤት ወደ አምስት ዓመት ገደማ ታስረው በ1959 ተፈቱ። ዳግም እንዳይገናኙ ታዝዘው ነው የተፈቱት እየተባለ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። የወቅቱ የፍትሕ ባለሥልጣን ግን እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዳልነበረ ተናግረዋል። በሕግ ሳይከለከሉ መራራቃቸው ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደው ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

ጁልየት ስሟን ቀይራ አን ፔሪ ተባለች፤ ከ1979 ጀምሮም ዕውቅ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ሆነች። በ1990 የፈጠረችው መርማሪ ዊልያም ሞንክ የማስታወስ ችሎታውን ያጣ፣ ራሱ ነፍሰ ገዳይ እንዳይሆን የሚሰጋ ሰው ነው። አንባቢዎች የደራሲዋን ያለፈ ሕይወት ያወቁት ከአራት ዓመት በኋላ፣ ፒተር ጃክሰን በታሪኩ ላይ ፊልም ሲሠራ ነው። ጁልየትን ሆና የተጫወተችው ኬት ዊንስሌት ነበረች።

ማንነቷ ከተገለጠ በኋላ ፔሪ ለጋዜጠኞች ቃሏን ሰጠች። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ደብዳቤ እየጻፈች ያጽናናቻትን ጓደኛዋን ብትከዳት ፖሊን ራሷን ታጠፋለች ብላ ፈርታ እንደነበር ተናገረች። ጥፋቷን አልካደችም። ይሁንና አነጋገሩ የወንጀሉን መነሻ ወደ ጓደኛዋ የሚያሸጋግር ነው፤ ኑዛዜም፣ ማመካኛም ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

ፖሊን በበኩሏ ካቶሊክ ሆና በብሪታንያ በሌላ ስም ስትኖር አደባባይ ወጥታ አልተናገረችም። እህቷ በኋላ እንደገለጸችው በጥልቅ ተጸጽታለች። ስለዚህ ሁለቱም የተሸከሙት ጥፋት ለሕዝብ የደረሰው በአንደኛዋ አንደበት ብቻ ነው። ፔሪ በኤፕሪል 2023 በ84 ዓመቷ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስታርፍ፣ ከፖሊን ከራሷ አንደበት የወጣ ቃል በአደባባይ አልተሰማም ነበር።