ሰንበቴ፦ የተራ ጉዳይ

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲሰናበት ምእመኑ ለሁለት ይከፈላል። የሚበዛው ነጠላውን አስተካክሎ በዋናው በር ይወጣል። ጥቂቱ ደግሞ በቅጥሩ ጥግ ወዳለች ዝቅ ያለች ቆርቆሮ ቤት ያመራል። በሰበታም ሆነ በቡራዩ፣ በሱሉልታም ሆነ በመናገሻ ዙሪያ ባሉ የገጠር አጥቢያዎች ይህችን ቤት ጠይቆ ማግኘት አያስቸግርም፤ ሰንበቴ ቤት ናት። ውስጧ አግዳሚ ወንበር ወይም የጭቃ መደብ አለ። ጥግ ላይ የጠላ ጋን፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ የፕላስቲክ በርሜል ይቀመጣል። መሐል ላይ ጨርቅ የለበሰ ድፎ ዳቦ ካህኑን ይጠብቃል።

ሰንበቴን ከማኅበር ጋር የሚያምታቱ አሉ። ዝምድና አላቸው፤ ሁለቱም ዝክር ናቸው፣ ሁለቱም በተራ ይደገሳሉ፣ የሁለቱም አለቃ ሙሴ ይባላል። ነገር ግን ማኅበር በወር አንዴ፣ በጻድቁ ወይም በመልአኩ ቀን፣ በአባላቱ ቤት ይዞራል። ሰንበቴ የሚበላው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። በዚህ የተነሣ ቤት የሌለውም፣ ቤቱ እንግዳ የማያስቀምጠውም፣ መንገድ ላይ ያለውም ይደርስበታል። ማኅበር ጓዳ ከሆነ ሰንበቴ ደጅ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ተረኛው ከሳምንታት በፊት ጌሾውን ይወቅጣል፣ ብቅሉን ያስፈጫል፣ ጠላውን ይጠነስሳል። ቅዳሜ ዳቦው ይጋገራል፣ ወጡ ይሠራል። እሑድ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል፤ አሳላፊዎች ያድላሉ፤ ከደጅ ለሚጠብቁ ነዳያንም ድርሻቸው ይወጣል። ከተበላ በኋላ ወሬው ይመጣል። ማን ታመመ? ማን ከማን ተጣላ? የማን ልጅ ሥራ አጣ? ሙሴው ጠያቂ ይመድባል፣ የተጣሉትን ያስማማል፣ የቀረውን አባል ስም ይጠራል። በመጨረሻ ለቀጣዩ ተረኛ ጽዋው ይሰጠዋል።

ጾምም አያቋርጠውም። በዓቢይ ጾም በሥራ ቀናት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ቢሆንም ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ነው፤ ሰንበት እስከ ቀትር ተርቦ የሚዋልበት ቀን አይደለምና። ስለዚህ ሥጋውና ቅቤው ይቀርና ሽሮው፣ ምስሩ፣ ንፍሮው ይቀርባል።

ሰንበቴ የሚደምቀው ግን አበባው በሚፈካበት በዘመነ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት አርባ ቀናት ካህናቱና መዘምራኑ ከቅዳሜ ማታ ጀምረው ማኅሌተ ጽጌ ቆመው ያድራሉ፤ ሌሊቱን በቅዳሴ ያሳርጉታል። በወጨጫና በእንጦጦ ግርጌ የጥቅምት ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀርብ ትኩስ ምግብ ከዝክርነቱ በላይ ሌላ ዋጋም አለው። ደግሞ የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ ከአንድ አግዳሚ ላይ አንዱ ይጾማል፣ ጎረቤቱ አይጾምም። አስተዋይ ተረኛ ታዲያ ሁለት ዓይነት ወጥ ይሠራል፤ የሱሉልታ ቅቤ የገባበትና ያልገባበት። ማንም ማንንም ለምን አልጾምክም ሳይለው ሁለቱም ጠግበው ይነሣሉ። ብዙ ስብከት የማይፈታውን ነገር አንድ ተጨማሪ ድስት ሲፈታው ማየት ደስ ይላል።

የማኅሌተ ጽጌን ድርሰት ትውፊት ለሁለት አባቶች ይሰጣል፤ ለአባ ጽጌ ድንግልና ለአባ ገብረ ማርያም። አባ ጽጌ ድንግል ከቤተ እስራኤል ወገን የመጡ፣ በኋላ የተጠመቁ ነበሩ ይባላል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዓመቱ ካሏት ውብ ዜማዎች አንዱን የሰጣት፣ በዘመኑ በንቀት ይታይ ከነበረ ወገን የመጣ ሰው መሆኑ የሚያስገርም ነው። ይህን ታሪክ በሰንበቴ ቤት ደጋግሞ ማውራት ይገባ ነበር።

ለምን ቢባል፣ አብሮ የመብላት ነገር ከጥንትም ያለ ችግር አልሄደም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 11 የወቀሰው ይህንኑ ነው፤ ባለጸጋው ቀድሞ በልቶ ሲሰክር ድኻው ተርቦ ይቀራል እያለ። የሎዶቅያ ጉባኤ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፍቅር ማዕድ የተባለው ይህ የጋራ ምግብ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳይደረግ ከልክሏል። ዛሬ በውጭ አገር ያሉ የአንግሊካንና የኤጲስቆጶሳዊት አብያተ ክርስቲያናት ከእሑድ ጸሎት በኋላ ቡናና ብስኩት አቅርበው አዲስ ሰው ሲቀበሉ፣ ያንን የጥንት ማዕድ በቀጭኑም ቢሆን እየመለሱት ነው። እኛ ዘንድ ማዕዱ ወደ ቅጥሩ ጥግ ወጣ ብሎ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

የቆሮንቶስ ሕመም ግን እኛንም አልማረንም። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው በየአገሩ ቡዳ እየተባለ ከማኅበርም ከሰንበቴም ሲገለል ኖሯል። የሠሩትን ጋን እየገዙ፣ ጠላ እየጠመቁበት፣ ሠሪዎቹን ግን ከጠላው ማራቅ! ዛሬም የካህናቱ ወንበር ላይኛው፣ የድኻው ቦታ ደጃፉ የሆነበት ሰንበቴ ሞልቷል። ነዳያንን አበላን የሚል ሰንበቴ ብዙ ነው፤ ነዳያኑን ስማቸውን ጠርቶ ያስቀመጠ ግን ጥቂት ነው።

በእነዚህ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው ብዙ ቀደም ብሎ ከየአቅጣጫው ሰው ሲጎርፍባቸው ኖሯል። የአዲስ አበባ ኪራይ የገፋው፣ ፋብሪካ የቀጠረው፣ ቁራሽ መሬት ያገኘው ሁሉ እዚህ ነው። የአካባቢው ነባር ኦሮሞ ገበሬ፣ ከጎጃም የመጣ ግንበኛ፣ ከጉራጌ የመጣ ነጋዴ በአንድ አጥቢያ ይሳለማሉ። ሰበታ ደግሞ የታወቀው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ከተማ ስለሆነች ነጭ በትር የያዘ ወጣት በመንገዷ አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሳይተዋወቁ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ዕድርም ያገናኛቸዋል፤ ግን መመዝገቢያና ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ አብዝቶ የሚሰበሰበውም ለቀብር ነው። ሰንበቴ በሕይወት እያሉ በየሳምንቱ ያገናኛል።

እዚህ ላይ የኔን ሐሳብ ልናገር። ሰውን ማብላት ቀላሉ ነው። ከባዱ ተራ መስጠት ነው። በየእሑዱ እየበላ ተራ የማይሰጠው ሰው አሥር ዓመት ቢቀመጥም እንግዳ ነው። ተራ የያዘ ዕለት ግን የሚጠበቅ፣ ቢቀር የሚጠየቅ፣ ቢታመም የሚጎበኝ ሰው ይሆናል። ዛሬ ጤፉም ጌሾውም ስለተወደደ ሙሉ ድግስ የሚችለው ጥቂት ነው። ይህን አይተው ሁለትና ሦስት አባላት አንዱን ተራ እንዲጋሩ የሚፈቅዱ ሰንበቴዎች አሉ፤ አንዷ ዳቦ፣ አንዱ ንፍሮ፣ ሌላው ውኃና ጉልበት ይዞ ይመጣል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ድሮ እንዲህ ነበር ወይ ብለው ያጉረመርማሉ። ድግሱ አነሰ የሚሉት እውነት ነው፤ ሰንበቴው ግን የሰፋው ያኔ ነው። ተረኛው በድግስ ብልጫ የሚፎካከርበት ሰንበቴ ድኻውን በግልጽ ባያባርረውም አሳፍሮ ያስቀረዋል።

ሙሴ የሆናችሁ፣ መዝገባችሁን እስኪ ግለጡት። በደጃፍ በየሳምንቱ የምታዩት ሰው ስሙ አለበት? ማየት ለተሳነው ወጣት፣ ለቤት ሠራተኛዋ፣ ለቀን ሠራተኛው ግማሽ ተራ ስጡ። አማርኛ የማይቀናው ጎረቤት ሲመጣ በኦሮምኛ የሚያወራው ሰው አጠገቡ አስቀምጡ። አንተም አዲስ መጥተህ በሱሉልታ ወይም በቡራዩ ቤት የተከራየህ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዋናው በር አትውጡ። ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ሂዱና ሙሴው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ቁጭ ብላችሁ ከበላችሁ በኋላም የምትይዙት ተራ እንዲሰጣችሁ ለምኑ።