ስለ አሮጌው ኮምፒዩተርና ስለ ፊደላችን አለመስማማት

በ1981 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባወጣው ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ዶስ የሚባል ሥርዓት ይሠራ ነበረ። ይህ ሥርዓት በሥዕል የሚመራ አይደለም፤ ሰው ትእዛዙን በጽሕፈት ያስገባለታል፥ እርሱም ቃል በቃል ይፈጽማል፤ አንዲት ነጥብ የጐደለች እንደ ሆነ ግን እንቢ ይላል።

በላፍቶም ቢሆን በሌላ ሰፈር፥ የትምህርት ቤት መዝገብ ጠባቂ የቀድሞ ተማሪ ውጤቱን ፈልጎ ቢመጣበት፥ ከሣጥን ያወጣውን የዶስ ዘመን ዲስኬት በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፍተው በአማርኛው ፈንታ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ያያል። ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጽሕፈቱ ደኅና ነው። የጠፋው የሚያነበው ፕሮግራም ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። ኮምፒዩተር ቍጥርን እንጂ ፊደልን አያውቅም። በዚያ ዘመን አንዱ ፊደል በአንድ ባይት ይቀመጥ ነበረ፤ ባይትም የሚይዘው 256 ቍጥር ብቻ ነው። ከዚህም 128ቱን አስኪ የሚባለው ስምምነት ለላቲን ፊደልና ለልዩ ልዩ ምልክት አስቀድሞ ወስዶታል። መምህሩ የቀረውን በሰሌዳ ላይ ቢያሰላው መልካም ነው፤ 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231፥ ቈ፥ ኈ፥ ኰ፥ ጐ ከነዘራቸው 20፥ ከ፩ እስከ ፼ ያለው አኃዝ 20፤ ድምሩ 271 ነው። ሏንና ሟን የመሰሉት ገና አልተቈጠሩም። እንግዲህ ይህ ሁሉ በ128 ይቅርና በ256 ስፍራም አይገባም።

ስፍራ ሲጠብ ሐንና ኀን ሠንም እንደ ትርፍ ቈጥሮ መተው ለሰነፍ ይቀላል፤ በግእዝ ግን ሠረቀ ማለት ወጣ፥ ሰረቀ ማለት ሌባ ሆነ ነውና፥ ፀሐይን ሌባ ማሰኘት አይገባም።

በ1980ዎቹ በፈረንጅ አቈጣጠር በአሜሪካ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን በኮምፒዩተር ለመጻፍ ደከሙ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ነገር ግን የጋራ ስምምነት ስላልነበረ አንዱ የላቲኑን ነቅሎ በስፍራው የኛን ተከለ፤ አንዱ ፊደሉን በሁለት በሦስት ፎንት ከፈለ፤ አንዱም እንደ ጽሕፈት መኪና ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ ጻፈ። ስለዚህ በአንዱ ፕሮግራም «ለ» የሆነው ቍጥር በሌላው ሌላ ፊደል ሆነ።

በ1999 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር በወጣው በዩኒኮድ 3ኛው እትም ፊደላችን የራሱን ስፍራ አገኘ። ሀ 4608፥ ለ 4616 ተባለ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ከነዲቃላው 8 ስፍራ ተደልድሎለታልና።

አሮጌውን ፋይል የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ዲስኬቱን እንዳይጻፍበት ዘግቶ ይገልብጠው፤ በአዲሱም ፕሮግራም ከፍቶ መልሶ አያስቀምጠው፤ ያን ጊዜ በእውነት ይበላሻልና። ቀጥሎ የጻፈውን ፕሮግራም ይፈልግ፤ ዶስቦክስ የሚባለው መሣሪያ በአዲስ ኮምፒዩተር ውስጥ ዶስን አስመስሎ ያሠራዋል። ፕሮግራሙ የዶስ እትም አይደለም ብሎ እንቢ ቢል፥ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1991 ወዲህ በዶስ ውስጥ ያለው ሴትቨር የተባለ ትእዛዝ የሚወደውን የእትም ቍጥር ይነግርለታል፤ መኪናን በመኪና ማታለል ኀጢአት የለበትም። ማኅደረ ትውስታ አነሰኝ ቢል ደግሞ ዶስ ለፕሮግራም የሚሰጠው ከ640 ኪሎባይት አይበልጥምና፥ የአማርኛውን ፊደል የሚያሳየው ረዳት ከዚያው ላይ ስለሚቈርስ፥ ሌሎቹን በመነሻው ጊዜ የሚገቡትን ረዳቶች ያስወጣ።

ጽሕፈቱ ከታየ በኋላ የድሮው ቍጥር ወደ ዩኒኮድ የሚመለስበትን ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ይለውጠው። የተለወጠውንም ስም በስም ከወረቀቱ መዝገብ ጋራ ያመሳክረው፤ ይልቁንም ቈና ጐ ያለባቸውን ስሞች፥ ስሕተት በእነርሱ ላይ ይደበቃልና።